ሸክላ ይዋሻልን?

ከአንድ ሸክላ ጋር ብዙ ዘመን የኖረ ሙዚቃ ወዳድ፣ መርፌው ከማረፉ አስቀድሞ የምትመጣውን ድምፅ በልቡ ይሰማታል። ትንፋሽ የት ላይ እንደሚወሰድ፣ ከበሮው የት ላይ ዝም እንደሚል ያውቃል። ዳሩ ግን ይህ ሰው እንዲህ አጥብቆ የሚወደው ምኑን ነው? ሙዚቀኞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በእርግጥ የፈጸሙትን ድርጊት ነውን? ወይስ ድርጊቱ ካለፈ በኋላ ሌላ እጅ ቈርጦ የቀጠለውን ሥራ? ከአዝማሪ ፊት የተቀመጠ አድማጭ ይህ ጥያቄ አያስጨንቀውም፤ የሚሰማውን በዐይኑም ያየዋልና። ሸክላ የገዛ ሰው ግን ምስክር የለውም።

ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» የተባለው አልበም ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ነው። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 18 ቀን ትራምፔት ነፊው ሰባት ባልደረቦቹን ይዞ ኒውዮርክ ውስጥ ስቱዲዮ ገባ። የሸክላው ሁለተኛ ገጽ ጆ ዛቪኑል በደረሰው ረጋ ያለ ዜማ ይከፈታል። ዜማውን መጀመሪያ የጆን ማክላፍሊን ጊታር ያነሣዋል፤ የዌይን ሾርተር ሳክስፎንና የዴቪስ ትራምፔት ይቀበሉታል፤ ምት አለው ለማለት ያስቸግራል። ከአራት ደቂቃ ያህል በኋላ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ባሱ አንድ ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ ታግሶ ታግሶ የቈየው የቶኒ ዊሊያምስ ከበሮም በመጨረሻ ይፈነዳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያ የመጀመሪያው ዜማ ይመለሳል። ተጫዋቾቹ ማዕበሉን አልፈው፣ ደክመውና በስለው፣ ወደ ተነሡበት ጸጥታ የገቡ ይመስላል።

አልገቡም። ፕሮዲዩሰሩ ቲዮ ማሴሮ የመክፈቻውን ቅጂ እንዳለ ወስዶ መጨረሻው ላይ ቀጠለው። በአንደኛውም ገጽ ላይ እንዲሁ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2001 የዚያ ጊዜ ቅጂዎች ተሰብስበው በታተሙ ጊዜ፣ ጉዳዩን ከቶ ያልጠረጠረም ሁሉ ሊያመሳክረው ቻለ።

ታዲያ አድማጩ ተታሏልን? የወደደው «መመለስ» ማንም ያልፈጸመው ነውና፣ አዎን ለማለት ይዳዳል። ነገር ግን ሸክላውን እንደገና ያስቀምጠውና ይስማው። በመጀመሪያው ላይ ጊታሩ የጠፋበትን የሚፈልግ ሰው ይመስላል፤ በመጨረሻው ላይ ያው ጊታር፣ በዚያው ጣት፣ ያረፈ ሰው ሆኖ ይሰማል። ክሩ ላይ የተለወጠ ቅንጣት ነገር የለም። የተለወጠው በመካከሉ ባለፈው ማዕበል የተናወጠው አድማጭ ነው። ወደ ጸጥታው የተመለሰውም እርሱ ራሱ ነው፤ ይህም መመለስ በእርግጥ ተፈጽሟል።

ይህ ሲባል የምላጭ ሥራ ሁሉ ከነቀፋ ነጻ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ፉርትቬንግለር የመራው የዋግነር «ትሪስታንና ኢዞልዴ» ለንደን ውስጥ ሲቀዳ፣ ኢዞልዴን የዘፈነችው ኪርስተን ፍላግስታድ ዕድሜዋ 56 ነበር። ሁለቱን እጅግ ከፍተኛ ድምፆች ያወጣችላት በኋላ የፕሮዲዩሰሩ የዋልተር ሌግ ባለቤት የሆነችው ኤልሳቤት ሽቫርትስኮፍ ነበረች። ሽፋኑ ይህን አልተናገረም፤ ምስጢሩ ሲወጣም ብዙ አነጋገረ። ሰዓታት በሚወስድ ኦፔራ ውስጥ ሁለት ድምፅ ምን ያህል ነው የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ አድማጩ ያን ያህል ሰዓት የታገሠው ምናልባት ለእነዚያው ለሁለቱ ሊሆን ይችላል፤ ምስጋናውንም የሰጠው ላላወጣቸው ጕሮሮ ነው። በዴቪስ ሸክላ ላይ የአንዱ ትንፋሽ ለሌላው አልተቈጠረም። ፒያኖ ተጫዋቹ ግሌን ጉልድም እ.ኤ.አ. በ1966፣ አንዱን የባኽ ፉግ ከ6ኛውና ከ8ኛው ቅጂ ቈራርጦ እንደ ገጣጠመው በአደባባይ ጽፏል፤ የነገረውን እንደ ደበቀ የሚከሰው የለም።

የሚቀር አንድ ዕዳ ግን አለ፤ እርሱም የአድማጩ ነው። «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ»ን የሚያፈቅሩ ሰዎች የስምንቱን ተጫዋቾች ስም በቃላቸው ያወርዱታል። ማሴሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ዐረፈ። ስሙ ያኔም ዛሬም በሽፋኑ ላይ በፕሮዲዩሰርነት ተጽፏል፤ ዝርዝሩ ሲወርድ ግን ብዙ ጊዜ ስምንተኛው ላይ ይቆማል።