የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በእነዚህ 55 የዐቢይ ጾም ቀናት ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ ከየማዕዳችን ይነሣል። ነጠላው ይታጠባል፣ የቅዳሴው ሰዓት ይጠበቃል፣ ስግደቱ ይበረታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ነገር ግን እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠያየቅ። ፋሲካ አልፎ ቅቤው ወደ ወጡ ሲመለስ በእኛ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? ጾሙን ጾመን ብቻ ወጣን ወይስ ጾሙ እኛን ሠራን?

ይህን የምጠይቀው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመጻጉዕ ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት ነው። በአጥቢያችን ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበርና እኔም ጠቀም ያለ ብር ሰጠሁ። ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፣ እልል ተባለ። አስቀድሼ ስመለስ አንድ አረጋዊ በመንገድ አገኙኝና "እንዳንተ ያለውን ጾመኛ ያብዛልን" ብለው መረቁኝ። ደስ ብሎኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ ቤቴ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ሽሮው አርሮ ጠበቀኝ። "ቀኑን ሙሉ ጾሜን ቆሜ ውዬ ይሄን ልታበይኝ ነው?" ብዬ በቤት ሠራተኛችን ላይ ጮህኩባት። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ቆየችና ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ እኔም እኮ እየጾምኩ ነው" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

አፈርኩ ብላችሁ ውሸት ይሆናል። "ደግሞ መልስ ትሰጪኛለሽ!" ብዬ ባስኩባት። ማታ ለጸሎት ስቆም ግን ያቺ ቃል አላስቆም አለችኝ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስውል፣ እርሷ እህል ሳትቀምስ እሳት ዳር ውላለች። የሁለት ወር ደመወዟም እኔው ጋ ነበር። ለእናቷ ልትልክ ፈልጋ ስትጠይቀኝ "ከበዓል በኋላ እሰጥሻለሁ" ብያት ነበር። እንግዲህ ስሜ በተጠራበት ብር ውስጥ የእርሷም ላብ ነበረበት ማለት ነው።

መጽሐፍ ቅዱሴን ብከፍት ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ ወደቅሁ። እዚያ ሕዝቡ "ጾመን ሳለ እግዚአብሔር ለምን አያየንም?" እያለ ያማርራል። መልሱ ግልጽ ነው፤ በጾማቸው ቀን የልባቸውን ፈቃድ ያደርጋሉ፣ ሠራተኞቻቸውንም ያስጨንቃሉ። በኦሪት ዘዳግም 24፥15 ደግሞ የድሃው ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ታዝዟል፤ ተስፋው እርሱ ነውና። እኔ ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ጠብቄ ነበር። የእርሷ ፀሐይ ግን ለስድሳ ቀን ገብታለች።

"የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ" ይላሉ አባቶቻችን። ውጭ ላገኘው ሁሉ የሚመች፣ ለቤቱ ግን እሾህ የሆነ ሰው ማለት ነው። ጌታችን በወንጌል ደጋግሞ የገሠጻቸው "ግብዞች" እንዲህ ያሉ ነበሩ። ቃሉ በግሪኩ መጀመሪያ ይነገር የነበረው በመድረክ ላይ ስለሚጫወት ተዋናይ ነው። ተዋናይ ተመልካች ሲሄድ ጭንብሉን ያወልቃል። የእኛም ጭንብል የሚወልቀው ነጠላችንን በር ላይ ስንሰቅል ነው። ዛሬ ደግሞ ስልክ በየእጃችን አለና መድረኩ ሰፍቷል፤ ገና ሳንሳለም ፎቶ የምንነሣ አለን።

እዚህ ላይ አንድ ሰው "ታዲያ ልቤ እስኪስተካከል ድረስ ጾሙን ልተወው? ሳልጸዳ ብጾም ግብዝ መሆኔ አይደለም ወይ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አይደለም። ጌታ ፈሪሳውያንን ፍርድንና ምሕረትን ስለ ተዉ ሲገሥጻቸው፣ ይህን እያደረጉ ያንንም እንዳይተዉ ነግሯቸዋል (ማቴ. 23፥23)። ሕፃን ልጅ እናቱ ስትሰግድ አይቶ ይሰግዳል። ትርጉሙን ገና አያውቀውም፣ ግን ማንም ግብዝ አይለውም። እየተማረ ነዋ! ሥጋችን ሲራብ ነፍሳችን መታገሥን ትለማመዳለች። ስለዚህ ከሆንነው በላይ መልካም ነገር ማድረግ ኃጢአት አይደለም፤ መልካም ጠባይ የሚገነባውም በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ ተማሪውን ከአስመሳዩ በምን እንለየው? ሁለቱም ይጾማሉ፣ ሁለቱም ይሰግዳሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ስሕተታቸው ሲነገራቸው ነው። ተማሪ መታረም ይፈልጋል፤ ቢያመውም ይቀበላል። አስመሳይ የሚፈልገው መመስገን ነውና ሲነግሩት ይቆጣል። ያን ዕለት እኔ የትኛው እንደ ነበርኩ እናንተው ፍረዱ።

ቅዱስ ሙሴ ጸሊምን አስቡት። ቀድሞ ወንበዴ ነበር፤ በኋላ በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ መንኩሶ ታላቅ አባት ሆነ። ዝናውን የሰማ አንድ ሹም ሊያየው መጣ። ሙሴ ይህን ሲሰማ ሸሸ። ሹሙ በመንገድ አገኘውና፣ እርሱ መሆኑን ሳያውቅ፣ የአባ ሙሴን በዓት ጠየቀው። እርሱም "ከዚያ ሰው ምን ትሻላችሁ? ሰነፍ ነው" ብሎ መለሰለት። እኔ ምስጋና ፍለጋ ወደ ድምፅ ማጉያው ስጠጋ፣ እርሱ ከምስጋና ይሸሽ ነበር። በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን ስንዘክረው ይህንንም አብረን ብናስታውስ ይጠቅመናል።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። በማግሥቱ ማለዳ የሁለት ወሩን ደመወዝ ቆጥሬ ሰጠኋትና "ይቅር በይኝ" አልኳት። እመኑኝ፣ ከመቶ ስግደት ይልቅ ያቺ አንዲት ቃል ከበደችኝ። ልጅቱ ደንግጣ "ኧረ ጋሼ፣ ምን በደሉኝና!" አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እልል ያለ ሰው አልነበረም። ጉድ የሚባለው ደግሞ ይህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ "ሠራተኛውን ይቅርታ የጠየቀ ትሑት ሰው" ተብዬ እንድመሰገን ለአንድ ሰው ማውራት አማረኝ! ውዳሴ ከንቱ በበር ብታስወጡት በመስኮት ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ ላይ ስሜን ያላሰፈርኩትም ለዚሁ ነው።

ወገኖቼ፣ ጠባይ በአንድ ቀን አይሠራም። ማንም በማያየን ቦታ፣ በትንሽ በትንሹ ይሠራል። ገብር ኄር የምንለው ያ በጎ አገልጋይ የተመሰገነው በጥቂቱ ታምኖ ስለ ተገኘ ነው (ማቴ. 25፥21)። እንግዲህ በቀሩት የጾም ቀናት ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ የያዝነው የሰው ሐቅ ካለ ከመጽዋታችን በፊት እንመልስ፤ ዘኬዎስም ለድሆች በሰጠበት ቀን የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቷል። ሁለተኛ፣ ከንስሐ አባታችን በቀር ማንም የማያውቀው አንድ መልካም ሥራ እንያዝ። ሦስተኛ፣ ከቤታችን ሰዎች ታናሽ የሆነውን "ጾሜ እንዴት ነው?" ብለን እንጠይቀው፤ ሲመልስልንም አንቆጣ።

በስውር የሚያይ አምላክ የቤታችንን እሾህ ነቅሎ ውስጣችንን ያጽዳልን። ጾሙን የበረከት፣ የንስሐ ያድርግልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።