የታሰረች እጅ

ከልደታ ተነሥቼ ወደ ፒያሳ ስወጣ በሰማዕቱ በአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አጠገብ አልፋለሁ። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ከመንገዱ ዳር ቆመው ወደ ሐውልቱ እጅ ሲነሡ አየሁ። አብረውኝ የነበሩት ካህን ተቆጡና «እናቴ፥ ለተቀረጸ ምስል አይሰገድም» አሏቸው። እኔ ዝም አልሁ፤ ነገሩ ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ሥዕል ይሳማል፥ ይታጠናል፤ ተቀርጾ ብቻውን የሚቆም ምስል ግን በመቅደስ አልተለመደም። ምክንያቱ የኦሪቱ ቃል ነው ይባላል። ነገር ግን ያው ኦሪት በታቦቱ ላይ ኪሩቤልን ከወርቅ እንዲሠሩ ያዝዛል፤ ሙሴም የናሱን እባብ በምድረ በዳ አቆመ። ሕዝቅያስ እባቡን የሰባበረው ሕዝቡ ስላጠኑለት እንጂ ስለ ተሠራ አይደለም። እንኪያስ ጥፋቱ ከሠሪው እጅ ነውን ወይስ ከተመልካቹ ልብ? በላሊበላም በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ከዚያው ዐለት የተፈለፈሉ ቅዱሳን አሉ፤ አባቶቻችን ጣዖት ናቸው ብለው አላፈረሷቸውም። እርግጥ እነዚያ ከግድግዳው አልተለዩም፤ ልዩነቱን አልክድም።

እኛ ቅኔ የተማርን ሰዎች ግን በዚህ ነገር ለመፍረድ መቸኰል አይገባንም። ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም የወሰድነው ከአንጥረኛ ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፥ በጭቃ ይሸፍናል፥ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና ወርቁን ያፈስሳል። በሰሙ ላይ የቀረ ሰው ተላላ ነው፤ ጭቃው ሳይለብስ ሰሙን የሚያጠፋም ወርቁን የሚያፈስስበት አያገኝም።

የዚህ ሐውልት ወርቁ ከእጅ ላይ ነው። በሥዕል ጳጳስ መስቀል ይዞ ሲባርክ እናያለን፤ በዚህ ግን የምትባርከው እጅ ታስራለች። አቡነ ጴጥሮስን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሽስቶች በጥይት የገደሏቸው፥ ሕዝቡን ለጠላት ተገዛ ብዬ አልሰብክም ስላሉ ነው። ሥዕል ጸልይ ይለኛል፤ ይህ ሐውልት ግን አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር ብሎ ይጠይቀኛል። መልሱን፥ እውነቱን ልናገርና፥ አላውቀውም። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ እስከ 2008 ዓ.ም. በብሔራዊ ሙዚየም በቆየበት ጊዜ፥ በዚያ ሳልፍ የሚጠይቀኝ በማጣቴ ዕረፍት ተሰምቶኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ባልቴቷ ለካህኑ የመለሱላቸው «አውቃለሁ አባቴ፤ እጃቸው ታስሮ ሳይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም» የሚል ነበር። ካህኑም ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጊዮርጊስ አቀኑ፤ እኔም ተከተልኋቸው።