አዲስ ሞተር በአሮጌ መኪና፤ ስለ ኃይልና ስለ ልጓም

አንድ ነገር ክፍሎቹ አንድ በአንድ ሲለወጡ ኖረው ጨርሶ ቢታደስ፥ ያው የቀድሞው ነገር ነውን? ወይስ ስሙን ብቻ የወረሰ ሌላ ነገር ሆኗል? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚተርከው፥ የአቴና ሰዎች ጀግናቸው ቴሴዎስ የተመለሰበትን መርከብ ለመታሰቢያ ሲያኖሩ፥ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በምትኩ አዲስ ያገቡበት ነበር። ስለዚህም ፈላስፎቹ ገሚሶቹ ያው መርከብ ነው፥ ገሚሶቹ አይደለም እያሉ ሲከራከሩበት ኖሩ። መርከብ አይቶ የማያውቅ የደጋ ሰው ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ በጭነት መኪና ላይ ያገኘዋል።

በአገራችን የከባድ መኪና ታሪክ ከኢጣልያ ፋብሪካዎች ጋራ የተያያዘ ነው። ፊያት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1931 መሥራት የጀመረው 634 ኤን የተባለው መኪና በ1928 ዓ.ም. ከመጣው ወረራ ጋራ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ጣሊያኖቹ ከቁጥሩ መጨረሻ ወስደው «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉት ነበር፤ «ኤን» የተባለውም ፊደል ናፍታን የሚያመለክት ነው፤ ቃሉም እስከ ዛሬ በቋንቋችን ውስጥ ይኖራል። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፥ ይዞታውም ከ8 ሊትር በላይ ሲሆን፥ ጉልበቱ ግን ከ75 እስከ 80 ፈረስ ያህል ብቻ ነበር። ከርሱ በኋላ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1952፥ ከ10 ሊትር የሚበልጥ ሞተር ያለው ፊያት 682 ወጣ፤ በአፍሪካም ዙሪያ ስሙ ገነነ፤ የኛንም ዐቀበትና ቁልቁለት ብዙ ዘመን ሲመላለስበት ኖረ።

የነዚህ መኪኖች ሻንሲ ከወፍራም ብረት የተሠራ ስለ ሆነ ከሞተሩ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። ሞተሩ ደክሞ መለዋወጫውም ከገበያ ሲጠፋ ባለቤቱ ሁለት መንገድ ይቀርለታል። አንደኛው መኪናውን በብረትነቱ ብቻ መሸጥ ነው፤ ሁለተኛው ከሌላ መኪና የተገኘ ዘመናዊ ሞተር አስገብቶ ዕድሜ መቀጠል ነው። ብዙው ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ድኻ አገር ያለውን ጠግኖ መኖር ይገባዋልና።

እንዲያውም ዘመሮን ለመሰለ የመንዝ ከተማ የሞተሩ መታደስ ከምቾት ያለፈ ጉዳይ ነው። የደጋው ገብስና ባቄላ፥ የመንዝ በግና ከጠጉሩ የሚሠራው ባና ወደ ሩቅ ገበያ የሚደርሰው፥ ጨውና ስኳሩ፥ ቆርቆሮና መጽሐፉም የሚመጣው በመኪና ነው። አገሩ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ግን አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ናፍታም ያለ አየር አይነድምና፥ አሮጌው ሞተር በዚያ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ እስከ ሲሶ ያህል ያጣል፤ በሚገባ ያልነደደውም ናፍታ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ያስመዘገበው ብልሃት፥ ዛሬ ተርቦ የምንለው፥ በከንቱ ይወጣ የነበረውን የጢስ ኃይል አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ ለማስገባት ያውለዋል። ስለዚህ የ5 ሊትር ይዞታ ያለው ዘመናዊ ሞተር ከ150 ፈረስ በላይ ጉልበት ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም በይዞታ ከሚበልጠው ከትሬንታ ኳትሮ ሞተር እጥፍ ያህል ነው።

እንግዲህ እንዲህ የታደሰው መኪና ያው ነውን? የመንግሥት መዝገብ በበኩሉ የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር ይይዛል፤ ሞተሩ ሲለወጥ መዝገቡ ካልታረመ ወረቀቱ ሌላ፥ መኪናው ሌላ ይሆናል። ባለቤቱ መኪናዬ ያው ነው ይላል፤ ከአባቱ የወረሰውን መሪ እስከ ዛሬ ይይዛልና። የወጣው አሮጌ ሞተር አንድ ስፍራ ወፍጮ ሲያዞር ያየ ሰው ደግሞ የመኪናው ነፍስ እዚህ ነው ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ለአገልግሎት የተሠራ ነገር ማንነቱ በሳንቃውም በብረቱም አይፈረድም እላለሁ። የጭነት መኪና ለሰው የተሰጠ ቃል ኪዳን ነው፤ ይኸውም የተጫነበትን ከስፍራው ለማድረስና በመንገድ የሚያገኘውን ሰው ላለመጉዳት ነው። ይህ ቃል ከተጠበቀ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ቢለወጥ መኪናው ያው ነው። ቃሉ ከፈረሰ ግን አንድ ብሎን ባይነካም ያው አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት ከመንዝ ደጋ ወጥቶ በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን መንገድ እናስብ። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ዋሻ ተነሥቶ በደብረ ሲና አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ መኪና፥ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1800 ሜትር ያህል ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚመካ ሾፌር ፍሬኑ ይግልበታል፤ ሲግልም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ብልህ ሾፌር ስለዚህ በማርሽ ይይዛል። ናፍታው ሲቋረጥ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታጨቀው አየርና የብረቱ ፍትጊያም መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል።

ልብ ማለት የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ሞተር ቁልቁለት ላይ የሚይዝበት ኃይል በአብዛኛው የይዞታውን መጠን ይከተላል፤ በወረቀት የተጻፈለትን የፈረስ ጉልበት አይከተልም። ትልቁ አሮጌ ሞተር ዐቀበቱን እያቃሰተ ይወጣ ነበር፤ ቁልቁለቱን ግን በክብደቱ ይዞ ያወርድ ነበር። ትንሹ ብርቱ ሞተር ዐቀበቱን እንደ ሚዳቋ ይወጣዋል፤ ሲወርድ ግን በፍጥነት በመዞሩ ጥቂት ቢያካክስም ያንን ጭነት እንደ ቀድሞው አይዝም። ኃይል ጨመረ፤ ልጓም ቀነሰ።

ከዚህም የሚብስ አለ። ሾፌሮች ከጥንት ጀምሮ ዐቀበቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚል ምክር አላቸው። ምክሩ ለአሮጌው ሞተር እውነት ነበር፤ ሞተሩ ደካማ ስለ ነበር ዐቀበቱን የሚወጣው በዝቅተኛ ማርሽ ነውና። አዲሱ ሞተር ግን ያንኑ ዐቀበት በከፍተኛ ማርሽ ስለሚወጣው፥ ምክሩን አምኖ በዚያው ማርሽ የሚወርድ ሰው ወደ ገደል ይሄዳል። ከሞተሩ ጋራ አንድ የጥበብ ቃል መሠረቱ ተነቅሎ ሳለ፥ ቃሉ ግን በአፍ ላይ እንዳለ ቀርቷል። ሰውን የሚያጠፋው አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ዘመኑ ያለፈበት ዕውቀትም ያጠፋል።

የግብረ ገብ ጥያቄም የሚነሣው ከዚህ ነው። የአዲሱ ሞተር ትርፍ፥ ማለት የጊዜው ማጠርና የጭነቱ መጨመር፥ ለባለቤቱ ነው። የልጓሙ መጉደል አደጋ ግን በጭነቱ ላይ በተቀመጠው መንገደኛ፥ በጎቹን እየነዳ በመታጠፊያው ላይ በሚመጣው ገበሬና ነገ መኪናውን ሳያውቅ በሚገዛው ሰው ላይ ይወድቃል። ትርፉን ለራሱ፥ አደጋውን ለማያውቀው ሰው የሚያካፍል ሁሉ፥ በሕግ ባይጠየቅ እንኳ በኅሊና ፊት ባለ ዕዳ ነው። ስለዚህ ሞተሩን የሚለውጥ ሰው ፍሬኑን ማጠንከር፥ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አዲሱን ጉልበት መቻላቸውን ማስመርመር፥ በጢስ መውጫው ላይ የሚገጠመውን መያዣ ማስገባት፥ መዝገቡንም ማሳረም ይገባዋል።

«ይህን ሁሉ የማደርግበት ገንዘብ የለኝም፤ ሞተሩንም የገዛሁት ተበድሬ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ለችግረኛም ማዘን ይገባል። ነገር ግን ልጓም ሁሉ በገንዘብ አይገዛም። ጭነትን መቀነስ ልጓም ነው፤ ማርሽን አስቀድሞ ማውረድ ልጓም ነው፤ ለገዢው እውነቱን መናገርም ልጓም ነው። ኃይሉን መጨመር እንጂ ልጓሙን መጨመር የማይችል ሰው፥ ሥራውን በኃይሉ መጠን ሳይሆን በልጓሙ መጠን ይወስን። ይህን ማድረግ ለድኻም ለሀብታምም የተቻለ ነው።

ነገሩ ከመኪና አልፎ ለሕዝብ ኑሮ እንደሚሠራ የመንዝ ሰው ራሱ ምስክር ነው። በመንዝ ጌራ ያለው የጓሳ ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈለግ ስለ ሆነ፥ ምድሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋና በሹሞቹ ፈቃድ በተወሰነ ቀን ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ እንከን የሌለበት አልነበረም፤ መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ለሚቆጥሩ ብቻ ነበርና። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የዘር መብቱ ቀረ፤ አብሮም ቄሮው ፈረሰ። አዋጁ ታላቅ ኃይል ነበር፤ ለጭሰኛው ፍትሕን ይዞ መጥቷልና። ነገር ግን አድልዎውና ልጓሙ በአንድ ስፍራ ታስረው ስለ ነበር ሁለቱ በአንድነት ተወገዱ፤ ጓሳውም ያለ ጠባቂ ቀርቶ ተጐዳ። በኋላ ዘመን ያገሩ ሕዝብ ተሰብስቦ ኮሚቴ መረጠ፤ የመተዳደሪያ ደንብ አውጥቶም ምድሩን እንደገና በመዝጋትና በመክፈት መጠበቅ ጀመረ። ቄሮው በስሙና በባለ መብቶቹ ቄሮ መሆኑ ቀርቷል፤ ቃል ኪዳኑ ግን ተመልሷል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም መኖሪያ አላጡም።

ከዚህ የምንማረው አሮጌውን አትንኩ የሚለውን አይደለም። አሮጌውን ሳይነካ ያቆየ ሰው ጢሱንም፥ ድካሙንም፥ አድልዎውንም ያቆያል። እንዲሁም አዲሱ ሁሉ ይበልጣል የሚለውን አንማርም፤ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላልና። የምንማረው አንድ ነገር ለማደስ የተነሣ ሰው፥ አሮጌው ክፍል ሳይነገርለት በዝምታ ሲሠራው የነበረው ሥራ ምን እንደ ነበር አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት ነው። ሲገፋ የነበረውን ሥራ ማንም ያየዋል፤ ሲይዝ የነበረውን ሥራ ግን እስኪጐድል ድረስ የሚያስተውለው ጥቂት ነው።

አዲስ ደንብ የሚያወጣ ሹም፥ የቀድሞው ደንብ ምን ይከለክል እንደ ነበር ይመርምር። አዲስ ትምህርት የሚያስገባ መምህር፥ የቀድሞው ትምህርት በተማሪው ውስጥ ምን ዓይነት ትዕግሥትና ጨዋነት ያሳድር እንደ ነበር ይመዝን። ከዘመሮ ወይም ከሌላ ቦታ ወደ ኮሌጅ የሄደ ተማሪም፥ በአእምሮው የገባው አዲስ ዕውቀት ምላሱን ሲያፈጥነው፥ ከእናት ካባቱ የወረሰው ይሉኝታ ቀድሞ ምን ይይዝለት እንደ ነበር ያስብ፤ አሮጌው ይሉኝታ የማይበቃው ቢሆን እንኳ በስፍራው የሚተካው ልጓም ይፈልግ።

ዐቀበት የሚወጣ ሁሉ ሲወርድም መያዝ መቻል አለበት። የዕድሳትም እውነተኛ ፈተና ጣርማ በር ላይ መድረስ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው።