ለፎቶግራፍ መልካም ቦታ ወዴት ነው?

«የኔታ፥ ለሥዕል የሚመች ቦታ ወዴት ነው?» ብሎ አንድ የፎቶግራፍ መሣሪያ ያነገተ ወጣት በአንኮበር ጠየቀኝ። እኔም የአገሩን ጠባይ ዐውቃለሁና እንዲህ ብዬ መራሁት። «ጧት የነገሥታቱ ቤት ከነበረበት ኮረብታ ላይ ወደ ምሥራቅ ዙረህ ቁም፤ ጉም የአፋርን ቈላ በሞላው ቀን ተራሮቹ ደሴት፥ አንኮበርም የባሕር ወደብ መስላ ትታይሃለች። ምሳሌውም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ቀድሞ ከታጁራ ወደብ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ በረሓውን አቋርጦ የሚራገፈው ከሥሯ ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ነበርና። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ከጀርባህ ስትሆን ቈላው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ገደሉ ግን ጥላ ይወድቅበታል።»

ይህን ብቻ ተናግሬ ዝም ብል መልካም ነበር። ነገር ግን «ሰው ያለበት ሥዕል ብትሻ፥ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ከሚወጡት ዐቀበት ጫፍ ቁም፤ ደክሟቸው ይቆማሉ» አልሁት። በማግሥቱ ጧት አብረን ቆምን። አንዲት እናት ከነሸክማቸው ብቅ ሲሉ ልጁ አነሣቸው። ፊታቸውን በነጠላቸው እንዳይሸፍኑ ሁለቱ እጃቸው ገመዱን ይዞ ነበር። «ልጄ፥ ሸክሜን እስካወርድ ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት?» አሉት። ለልጁ የተነገረው ቃል እኔን ወጋኝ፤ ቦታውን የመረጥሁ እኔ ነበርሁና።

«በአደባባይ ያለ ሁሉ ለዓይን የተፈቀደ ነው፤ ደግሞስ የድኻ ድካም ካልታየ ማን ያዝናል?» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ዓይን አይቶ ያልፋል፤ ሥዕል ግን ይዞ ይኼዳል። ሰው የሚደክምበትን ስፍራ ዐውቆ በዚያ መጠበቅም፥ አዳኝ ከውሃ መጠጫ አጠገብ እንደሚሸምቅ መሸመቅ ነው።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር፤ ሥዕሎቹም በ1852 በለንደን ታተሙ። የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ከተገለጠ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ በርናትዝም በእጁ ይሥል ነበር። በእጁ የሚሥል ሰው ብዙ ጊዜ ይቀመጣል፤ የሚሣለውም ሰው ያየዋል፥ ባይወድ ተነሥቶ ይኼዳል። የዛሬው መሣሪያ ሥራውን በቅጽበት ስለሚፈጽም ትዕግሥቱን ከመሣሪያው ሳይሆን ከልባችን ልናመጣው ይገባል። ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ ከዛፍ ሥር ብቻውን የሚውለው ዛፉ ቅኔ ስለሚሰጠው አይደለም፤ ቅኔን የሚያመጣው መቈየቱ ነው እንጂ።

ልጁ ዐፍሮ ሸክማቸውን ተቀበላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዐርፈው፥ ነጠላቸውን አስተካክለው «አሁን አንሣኝ» አሉት። ፀሐይ ከፍ ብላ ስለ ነበረች ብርሃኑ እንደ ፊተኛው አላማረም። «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ «የፊተኛው ያምራል፤ የኋለኛው ግን የተሰጠህ ነው። የፊተኛውን ማኖር ብትሻ እርሳቸውን ጠይቅ» አልሁት።

አንባቢ ሆይ፥ እንግዲህ ለፎቶግራፍ መልካም ቦታ ማለት እኛ ሰውን በምናይበት መጠን ሰውም እኛን የሚያይበት ቦታ ነው።