«ይደርሳል» ማለት ትዕግሥት ነውን?

ትዕግሥት መልካም ጠባይ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ለመሆኑ በሌላ ሰው ዕድሜ መታገሥ ይቻላልን? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በመቐለ፣ በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ዘመኑ 2015 ዓ.ም. ነበር። ከሰኔ 2013 ጀምሮ ተቋርጦ የነበረው የመንገደኞች በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን እንደገና ከተጀመረ ጥቂት ወራት አልፈዋል። በመጠበቂያው አዳራሽ አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ተቀምጣለች። ልጁ አይናገርም፤ ስሙ ሲጠራም ዞር አይልም። የሻንጣ ጎማ እያሽከረከረ ብቻውን ይጫወታል። የድምፅ ማጉያው ድንገት ሲጮኽ ጆሮውን ይዞ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አንዱ መንገደኛ «ያልተቀጣ ልጅ!» አለ። አንድ አዛውንት «አጆኺ ጓለይ» አሏት። አንዲት ሴትዮ ደግሞ በቅንነት «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ ይደርሳል» ብትላት፣ እናቲቱ «ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እየተባልኩ ነው የቆየሁት» ስትል መለሰች። ወደ አዲስ አበባ የምትሄደው ልጇን ለማስመርመር ነበር። እኔ ምንም አልተናገርሁም።

የሰው አንጎል በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት እንደሚያድግ ሆኖ ከዚያ ወዲያ አያድግም። ስለዚህ ዓመት ሞልቶት በጣቱ የማያመለክት፣ በዓመት ከመንፈቁ አንድም ቃል የማይወጣው፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃላት የማያጋጥም ልጅ ሊመረመር ይገባዋል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮው። የማይሰማ ልጅ ባይናገር ምን ይደንቃል?

እርዳታው ደግሞ አብዛኛው ቀላል ሥራ ነው፤ አድካሚነቱ በየቀኑ መደጋገሙ ላይ ነው። ከልጁ ፊት ለፊት ተቀምጦ መጫወት፣ ተራ መጠበቅን ማለማመድ፣ የሚፈልገውን በምልክት ወይም በሥዕል እንዲጠይቅ ማስተማር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችንም የተሞከረ ሲሆን፣ እጅ መታጠብንና ምግብ መብላትን የመሳሰለውን የቤት ውሎ ራሱን ትምህርት ያደርገዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ማዕከልን ከፈቱ። እርሳቸው በ2013 ዓ.ም. ቢያርፉም ብዙ እናቶች ልጃቸውን ከጓዳ ያወጡት የእርሳቸውን ድምፅ ሰምተው ነው።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ያ ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው እናቱ አንድ ነገር እንደ ጎደለ አውቃ ነበር። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ጦርነት መጣ፤ መንገዱም ሰማዩም ተዘጋ። ይህ ሁሉ በእርሷ እጅ አልነበረም። ጦርነቱ የወሰደው ዕድሜ ለጦርነቱ ይጻፍ። ከዚያ በፊት ጎረቤትና ዘመድ «ይደርሳል» እያለ የወሰደው ወራትስ በማን ስም ይጻፍ? ተናጋሪዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ይወዷታል። ነገር ግን ቃሉ ያሳረፈው ልጁን ሳይሆን ተናጋሪዎቹን ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ተቃወመኝ። «ቶሎ ካልተረዳ አይለወጥም ካልህ፣ ከቶ የማይለወጠውን ልጅ ምን ልትለው ነው? ዋጋው በመሻሻሉ ነውን?» አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ብዙ ቀን ይዤው ዞርሁ። አሁን የማስበው እንዲህ ነው፤ ልጁን የምናስተምረው እንደ እኛ እንዲሆን ከሆነ ወዳጄ እውነት አለው። ሆኖም ውኃ ሲጠማው በጣቱ ማመልከት የቻለ ልጅ እስከ ሞቱ ባይናገር እንኳ አንድ ጩኸት ቀርቶለታል። ይህ ያንሳልን? ትዕግሥትም ቦታው እዚህ ነው፤ አንዱን ምልክት መቶ ጊዜ ለሚደግመው ልጅ መታገሥ እንጂ ሳይጀምሩ መቀመጥ አይደለም።

በምናስተምራቸው ሕፃናት መካከል ስሟ ሲጠራ የማትዞር አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አለች። መዝሙር ሲጀመር ከኋላው ወንበር ሥር ትገባለች። እናትዮዋ «ልጄን ሰደበ» ትለኛለች ብዬ ፈርቼ እስካሁን አላነጋገርኋትም። ሁለት እሑድ አልፏል።