ሁለት ቁና

ምእመናን ወገኖቼ፤ በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ልባችንን ወደ ሰማይ እንድናነሣ ሲያዘን፥ ሁላችንም በአንድ ድምፅ ልባችን በእግዚአብሔር ዘንድ መሆኑን እንመልሳለን። ይህ መልስ በአንደበታችን ከተለመደ ብዙ ዘመን ስለ ሆነ፥ ከመሐላ የማይተናነስ ቃል መሆኑን የምናስተውል ጥቂቶች ነን። እኔም ዛሬ ይህን ቃል ያዘጋጀሁላችሁ፥ ጾመ ፍልሰታ ከገባበት ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቅጥሩ ሞልቶ፥ ሕፃናት እንኳ እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ እህል ሳይቀምሱ ሲቆሙ እያየሁ ደስ ሲለኝ ሰንብቼ፥ ከትናንት በስቲያ በሰማሁት ነገር ልቤ ስለ ቈሰለ ነው።

ልነግራችሁ ያሰብሁት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፥ ክርስቶስን በፍጹም ልብ የሚከተል ሰው በቤተ መቅደስም በገበያም ያው አንዱ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው፥ ሐናንያና ሰጲራ መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ከፍለው ባስቀሩ ጊዜ መቅሠፍት ያገኛቸው፥ ጐዶሎውን ሙሉ ነው ብለው ስላቀረቡ ነው። ሦስተኛውን ከመናገሬ በፊት ግን የሰማሁትን ላውጋችሁ።

አንዲት ባልቴት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ ቀርባ፥ የባሏን የዓመት ተዝካር ለማውጣት ብላ ጥጥ ፈትላ ባጠራቀመችው ገንዘብ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ጤፍ መግዛቷን፥ ቤቷ ገብታም በጎረቤቷ ቁና ብትሰፍረው አራት ቁና የተባለው ሦስት ተኩል ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። የሻጩን ስም ብጠይቃት እምቢ አለች። «አባቴ፥ ዛሬ በወንዶቹ በኩል ቆሞ ሲያስቀድስ አየሁት፤ እንባውን ይጠርግ ነበር፤ እኔ አፈርሁለት» አለችኝ።

እንባው የሐሰት ነው አልልም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ሰው በመቅደሱ ፊት ከልቡ እያለቀሰ ቆይቶ፥ ከቅጥሩ እንደ ወጣ በውስጥ በኩል ሌላ ስፌት የተደረበበትን ያን ቁና ያለ ፍርሃት ሊያነሣ መቻሉ!

በመካከላችን ለመግዣ አንድ፥ ለመሸጫ ሌላ ቁና የሚያኖር እንዳለ አውቃለሁ። ሙሴ በሕጉ ይህንኑ ለይቶ ከልክሏል፤ ነቢዩ አሞጽም ሰንበት እስኪያልፍ የሚቸኩሉትን ነጋዴዎች ስለ መስፈሪያቸው ማነስ ገሥጿል፤ ታውቁታላችሁና አልዘረዝረውም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለውንም ተረት ባለ ሁለት ቁናው ሰው ራሱ ለልጆቹ ይተርታል። ይህም ሳይበቃ፥ በዚህ መንገድ ካተረፈው ላይ ቀንሶ ለቤተ ክርስቲያን ጥላና መጋረጃ የሚገዛ አለ። እኔ በግልጥ እናገራለሁ፤ ከባልቴት ጤፍ በተቀነሰ ግማሽ ቁና የተገዛ ጥላ ታቦት አይጋርድ! ወደ ቤትህ መልሰው።

ልጆቼ፥ የምቈጣችሁ ስለምወዳችሁ ነው። የክረምቱ ጭቃ፥ የአህያው ኪራይ፥ የልጆቹ ልብስ ነጋዴውን እንዴት እንደሚያስጨንቀው በቤታችሁ እየገባሁ አይቻለሁ። ዘኬዎስም የቀራጮች አለቃ ነበረ፤ ጌታ በቤቱ በዋለ ዕለት ግን ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሊሰጥ፥ የቀማውንም አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ፤ ንስሓው ከሒሳቡ ጀመረ፤ ልነግራችሁ ያሰብሁት ሦስተኛው ነገርም ይኸው ነው። ግማሽ ቁና በእርሱ ሒሳብ ሁለት ቁና ይሆናል።

ነገ ቅዳሜ ነው። የመገበሪያው ስንዴ የሚሰፈርበት የቤተ ክርስቲያኑ ቁና ከኪዳን በኋላ በደጀ ሰላሙ ይቀመጣል። ወደ ገበያ የሚወርድ ሁሉ ቁናውን ይዞ ይምጣና ከእርሱ ጋራ ያስተያየው፤ የጐደለበትን ሰው ስሙን አልጠይቅም። የባልቴቲቱን ግማሽ ቁና የወሰደው ወንድሜ ግን ጤፉን ይዞ ይምጣ፤ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ እኔ በዚያው እጠብቀዋለሁ።