ሚዛኑን ማን ይያዝ?

ሰው በገዛ ጉዳዩ ዳኛ አይሆንም የሚለው ሕግ በመጽሐፍ ከመጻፉ አስቀድሞ በዛፍ ጥላ በሚቀመጡ ሽማግሌዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣልተው ሲሸማገሉ፥ የአንደኛው አማች ወይም ባለዕዳ የሆነ ሰው ከሽማግሌዎቹ መካከል ቢገኝ ተነሣ ይባላል። ይህም መባሉ ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ጥቅም የደግን ሰው ዐይን እንኳ የሚያዘነብል ስለ ሆነ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ መንግሥት የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመሥራት ማሰቡን ገለጠ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሞስኮ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። አገራችን መብራት ያስፈልጋታል፤ በደላንታ ደጋ በኩራዝ ጭስ ዐይኑ እየተቃጠለ ያጠና ሰው ይህን አይክድም። እኔም ማመንጫው ይሠራ ወይም አይሠራ ለማለት አልተነሣሁም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በውሃው፥ በመሬቱና በሰው ጤና ላይ የሚያመጣውን ነገር የሚመዝነው ማን ነው?

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ጥናቱን የሥራው ባለቤት እንዲያስጠና፥ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት መርምሮ እንዲወስን፥ ጥናቱም ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደነገገ። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን አጥኚው ደመወዙን የሚቀበለው ከሥራው ባለቤት ነው፤ የሥራው ባለቤትም መርማሪውም መንግሥት የሆነ እንደ ሆነ፥ ዕቃውና ሚዛኑ በአንድ እጅ ገቡ ማለት ነው። በወገል ጤና ከገደል ሥር ኦፓል ቆፍሮ የሚያወጣውን ጎልማሳ፥ ድንጋይህን ገዢው ብቻውን መዝኖ ዋጋውን ይንገርህ ብትሉት ይስማማ እንደ ሆነ እስቲ ጠይቁት።

ጃፓን የሊቃውንት ችግር ያለባት አገር አይደለችም። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ግን የምድር መናወጥና የባሕር ማዕበል የፉኩሺማን ማመንጫ አበላሸው። ምክር ቤቱ ያቆመው ገለልተኛ ኮሚሲዮን በ2004 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ አደጋው ሰው ሠራሽ መሆኑን፥ ተቆጣጣሪዎቹም ከኩባንያው ጋር መሻረካቸውን ገለጠ። እንዲህ ያለው ነጻ ዐይን የመጣላቸው ከጥፋቱ በኋላ ነበር።

በደቡብ አፍሪካ ግን አስቀድሞ የጠየቀ ተገኘ። ማኮማ ሌካላካላና ሊዝ ማክዴድ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ከየማኅበሮቻቸው ጋር ሆነው 9,600 ሜጋዋት የኑክሌር ኃይል ለመሥራት የታሰበውን ውጥን በፍርድ ቤት ተከራከሩ። የኬፕ ታውን ፍርድ ቤትም ሕዝብ ሳይሰማ የተወሰነ ነው ብሎ በሚያዝያ 18 ቀን 2009 ዓ.ም. ሻረው። (ቀኑ የቼርኖቢል አደጋ 31ኛ ዓመት ሆኖ መዋሉ የአጋጣሚ ነገር ነው።)

ገበሬ ስለ አቶም ምን ያውቃል የሚሉ አሉ። በላስታ የሆነውን ይመልከቱ። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ለላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የዝናብ መጠለያ ተሠራ፤ የሠሩትም የተማሩ መሐንዲሶች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የከተማው ሕዝብ መጠለያው ወድቆ ቅርሱን እንዳይሰብር ሠግቶ ለአቤቱታ አደባባይ ወጣ። ያ ሕዝብ የብረትን ክብደት ማስላት አልተማረም፤ ንፋሱን በየሌሊቱ የሚሰማው ግን እርሱ ነው። «ከነገሩ ጦም እደሩ» የሚለውን ተረት ሰምቶ ዝም ቢል ኖሮ ማን ይናገርለት ነበር?

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ክርክር አለ። ምርመራ ጊዜ ይፈጃል፤ ድኻ ደግሞ በጨለማ ተቀምጦ ይጠብቃል ይላሉ። እውነት ነው፥ በጨለማ የምትወልድ እናት ዘገባ አያጽናናትም። ነገር ግን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከተፈለፈሉ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ነው፤ ከኑክሌር ማመንጫ የሚወጣው ያገለገለ ነዳጅ በብዙ ሺህ ለሚቆጠር ዘመን ጠባቂ ይፈልጋል። ያን ሸክም የሚረከቡት ገና አልተወለዱምና ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም። ስለ እነርሱ ሁለትና ሦስት ዓመት መመርመር የሚበዛ አይመስለኝም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ የሚነካው ሥራ ሲታቀድ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲህ ተማሪ የሆነ ሁሉ በትሕትና ሊጽፈው የሚችለው ማመልከቻ ይህ ነው፤ ቦታው ከመቆረጡ በፊት፥ ከሥራው ባለቤት ኪስ በማይከፈላቸው ባለሙያዎች ይመርመር፤ ዘገባውም በዚያ አገር ገበሬ ቋንቋ ተጽፎ በገበያ ቀን በጉባኤ ይነበብ።